ፀሐዩ ሞቀ እንጂ ባህሩ ገና አልሞቀም



ስፕሪንግ ገባ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሐበሾች ካፖርታችንን ከሰቀልን በኋላ የመጀመሪያው ወሬያችን «ኦሽን ሲቲ መቼ ነው የምንሄደው?» የሚለው ነው። ወዲያው የዋትስአፕ ግሩፕ ይከፈታል። ማን መኪና ያመጣል፣ ማን ሥጋ ይገዛል፣ ማን ከሰል ይይዛል፣ ጀበናውስ የማን ነው ይባላል። ስለ ውሃው ግን አንድም ሰው አይጠይቅም። ዛሬ ስለዚች ስለተረሳችው ጥያቄ ሐሳቤን ላካፍላችሁ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ሂዱ! በስፕሪንግ ወደ ባህር ዳር ከተማ መሄድ ለጤና ጥሩ ነው። ነገር ግን እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ ጉዞውን የየብስ ሽርሽር አድርጉት። ባህሩ ይታይ፣ ነፋሱ ይተንፈስ፣ አሸዋው ይረገጥ፤ ውሃው ውስጥ መግባት ግን ይቆየን። እስከዚያው ደግሞ ዋና ትምህርት እንመዝገብ። ለምን እንዲህ እንደምል በዝርዝር ላስረዳ።

ለምን «ሂዱ» እላለሁ?

ብዙዎቻችን የምንኖረው በሁለት ሥራ መሀል ነው። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር፤ ወይም ሳምንቱን ሙሉ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ። ክረምቱ ሲያልፍ ሰውነት ብቻ ሳይሆን አእምሮም ይደክማል። እንቅልፍ ይዛባል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ግፊት ይወጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ትንሽ ዘና በል» ብሎ በአፍ መምከር ብዙም አይጠቅምም። ከቤቱና ከሥራው የሚያርቀው ቦታ ያስፈልገዋል።

ኦሽን ሲቲ ከዲሲ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። የእንጨት መሄጃው፣ ቦርድዎክ የሚሉት፣ ወደ 3 ማይል የሚጠጋ ርዝመት አለው። ወጣ ገባ የለውም፤ ዳገትም የለውም። ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች ከዚህ የተሻለ የእግር መንገድ ከየት ይገኛል? እናትና አባታችሁን ከአገር ቤት ካመጣችሁ ደግሞ በኤፕሪልና በሜይ ይዛችኋቸው ሂዱ። ከተማዋ ያላት ቋሚ ነዋሪ ወደ 7 ሺህ ገደማ ብቻ ነው፤ በበጋው ቅዳሜና እሁድ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይጎርፍባታል። ስፕሪንግ ላይ ሆቴሉም ረከስ ይላል፣ ግርግሩም ቀለል ይላል።

ዝግጅቱም አይጠፋም። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ኦሽን ሲቲ ስፕሪንግፌስት የሚባል የሙዚቃ፣ የምግብና የእጅ ሥራ በዓል ታዘጋጃለች። በሜይ ደግሞ አሮጌና ያጌጡ መኪኖች ከየቦታው ተሰብስበው ከተማዋን ያጥለቀልቋታል። ወደ ሰሜን በደላዌር በኩል ብትሄዱ ሉዊስ አጠገብ ባለው የኬፕ ሄንሎፐን ፓርክ በፈረንጆቹ የስቅለት ዕለት ካይት የማብረር በዓል አለ። ለልጆች ግሩም ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ውሃ ሳይነካ የሚያልቁ ደስታዎች ናቸው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ችግሩ ያለው ፀሐዩና ባህሩ እኩል አለመሞቃቸው ላይ ነው። አየር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ባህር ግን ዘገምተኛ ነው፤ የክረምቱን ብርድ ይዞ ወራት ይቆያል። በሜይ አንድ ቅዳሜ አየሩ 80 ፋራናይት ሊሆን ይችላል። እናንተ ቲሸርት ለብሳችሁ ላብ በላብ ሆናችኋል። የኦሽን ሲቲ የአትላንቲክ ውሃ ግን በኤፕሪል 50 ፋራናይት አካባቢ፣ በሜይ ማብቂያም 60 ገደማ ነው። በሴልሺየስ ብናሰላው 10 እና 15.6 ገደማ መሆኑ ነው። በኦገስት ግን ወደ 75 ፋራናይት ይጠጋል። እንግዲህ ልዩነቱን አስቡት።

ሰውነት በእንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ድንገት ሲገባ ምን ይሆናል? ቆዳ ብርዱን እንደነካ ሰው ሳያስብበት በኃይል አየር ይስባል። «ህህ!» ብለን የምንደነግጠው ዓይነት ነው፤ ግን ማቆም አይቻልም። በዚያች ቅጽበት ፊታችን ውሃ ውስጥ ከሆነ የምንስበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ይመታል፣ ደም ግፊት በአንዴ ያሻቅባል። ይህ የመጀመሪያው አንድ ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ገደማ ደግሞ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ ጎበዝ ዋናተኛ እንኳን እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ብዙ ሰው ብርድ የሚገድለው ቀስ ብሎ አቀዝቅዞ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሰውነት ቀዝቅዞ ሳይጨርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው ሰው የሚሰጥመው።

ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም የልብ ምት መዛባት ያለባችሁ ሰዎች እባካችሁ ይህን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡት። ለእናንተ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘሎ መግባት ጨዋታ አይደለም።

ጠባቂ የሌለው ባህር

ሁለተኛው ምክንያቴ ይህ ነው። የኦሽን ሲቲ የባህር ዳርቻ ጠባቂዎች፣ ላይፍጋርዶቹ፣ ከ1930 ጀምሮ የቆዩና በሙያቸው የተመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ሥራ የሚጀምሩት በሜሞሪያል ዴይ ዊኬንድ ነው፤ ያም የሜይ የመጨረሻው ሰኞ ያለበት ቅዳሜና እሁድ ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን የሚቀመጡት ከጠዋቱ 10 ሰዓት እስከ ከሰዓት 5:30 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ስለዚህ በኤፕሪል ከፍ ያለውን ነጭ ወንበር ባዶውን ብታዩት «ሻይ ሊጠጣ ሄዶ ነው» አትበሉ። የለም ማለት ነው።

ጠባቂው ለምን አስፈለገ? ወደ ጥልቁ የሚጎትት የውሃ ጅረት ስላለ ነው። እዚህ ሪፕ ከረንት ይሉታል። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተመልሶ መውጣት አለበትና ጠባብ መንገድ ፈልጎ በኃይል ይወጣል። በአሜሪካ የባህር ላይፍጋርዶች ከሚያድኗቸው ሰዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ ጅረት የተያዙ ናቸው። ሲፈጥን በሰከንድ 8 ጫማ ይደርሳል፤ የኦሊምፒክ ዋናተኛም አይቀድመውም። የሚገርመው ደግሞ ከዳር ሲታይ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ መስሎ ሰውን የሚጋብዝ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስፕሪንግፌስት በሚደረግበት በደቡብ ጫፍ ኢንሌት የሚባል የውሃ መተላለፊያ አለ። በኦገስት 1933 የመጣ ከባድ አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ለሁለት ሲሰነጥቃት የተፈጠረ ነው። ባህሩና ከኋላ ያለው ሰርጥ በዚያች ጠባብ በር በኩል በቀን ብዙ ጊዜ ውሃ ይለዋወጣሉ፤ ጅረቱ ኃይለኛ ነው። ሙዚቃ እየሰማችሁ ልጆች ወደ ድንጋዩ እንዳይወጡ፣ ወደዚያ ውሃም እንዳይጠጉ እጃቸውን ያዙ።

የሚቀርቡልኝ ክርክሮች

«ዶክተር፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ብቻ ነው የምገባው።» እሺ፣ በረጋ ቀን እግር መንከር አይገድልም። ነገር ግን ኦሽን ሲቲ ላይ ማዕበሉ የሚሰበረው ከዳሩ አጠገብ ነው። ጀርባችሁን ለባህሩ ሰጥታችሁ ለፎቶ ስትስቁ አንዱ ማዕበል ከኋላ መትቶ ይጥላችኋል። በጭንቅላት አሸዋ ላይ መውደቅ ደግሞ አንገት ይሰብራል። ፎቶ ከፈለጋችሁ ደረቁ አሸዋ ላይ ቁሙ። ባህሩ ከኋላችሁ ይታያል፤ አይጠፋም።

«እኔ ላንጋኖ እየዋኘሁ ነው ያደግኩት።» ደስ ይላል። ላንጋኖ ግን ሐይቅ ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ወደ ውቅያኖስ የሚጎትትህ ጅረትም የለውም። የሐዋሳና የላንጋኖ ልምድ ለአትላንቲክ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ልጃችሁም በመዋኛ ገንዳ ጎበዝ ቢሆን ገንዳ ማዕበል የለውም።

«ሌሎች ሰዎች ሲገቡ አይቻለሁ እኮ!» አዎ፣ ይገባሉ። ጠጋ ብላችሁ እዩዋቸው። አብዛኞቹ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ወፍራም ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሰው በሰርፍ ሰሌዳ የሚጫወቱ፣ ባህሩን በየሳምንቱ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። በቁምጣ የገባው ደግሞ ምሳሌ አይሁናችሁ።

ዋናው ጉዳይ፦ ዋና አንችልም

አሁን ብዙዎቻችን በአደባባይ የማንናገረውን ልናገር። አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ ዋና አናውቅም። ማፈር አያስፈልግም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2024 ባወጣው መረጃ ከአገሪቱ አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዋና ትምህርት ወስደው አያውቁም። ከጥቁር አዋቂዎች ደግሞ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ ጨርሶ ዋና አንችልም ብለዋል። ውጤቱ ልጆች ላይ ይታያል፤ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ጥቁር ልጆች በመዋኛ ገንዳ የሚሰጥሙበት መጠን ከነጭ ልጆች በ7.6 እጥፍ ይበልጣል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ደግሞ በዚህች አገር ቀዳሚው የሞት ምክንያት መስጠም ነው።

እኛ ለልጆቻችን ሒሳብ አስጠኚ እንቀጥራለን፣ ፒያኖ እናስተምራለን፣ ቅዳሜ አማርኛ እንልካለን። ዋናን ግን እንደ ቅንጦት እናየዋለን። በእኔ እምነት ዋና እንደ ክትባት መታየት አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጆች ከ1 ዓመት ጀምሮ ሊማሩ እንደሚችሉ ይመክራል። በየካውንቲው የሪክሪኤሽን ማዕከልና በዋይኤምሲኤ ትምህርቱ አለ፤ ለአዋቂም አለ። እናቶች፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ፊት?» አትበሉ። ሙሉ ገላ የሚሸፍን የዋና ልብስ ይሸጣል፣ ሴት አስተማሪ መጠየቅም ይቻላል። ዋና የማትችል እናት ልጇ ሲሰጥም ምን ልታደርግ ትችላለች? ተከትላ ትገባለች፤ ያኔ ሐዘኑ ሁለት ይሆናል።

ከመነሳታችሁ በፊት

1. ተኝታችሁ ንዱ። የሌሊት ሥራ ጨርሶ በቀጥታ መሪ መጨበጥ ይቅር። 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው አነዳዱ በሕግ ከተከለከለው በላይ አልኮል እንደጠጣ ሰው ነው። የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ከ4 ማይል በላይ ነው፤ መሀሉ ላይ ቆሞ ማሸለብ የለም።

2. ሥጋውን በበረዶ ያዙ። ለጥብስ የተከተፈ ሥጋ ከ40 ፋራናይት በታች መቆየት አለበት። ከበረዶ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ ከዋለ ጣሉት። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ደግሞ ለዚህ ጉዞ አይሆኑም።

3. ፀሐዩን አትናቁ። በኤፕሪል መጨረሻ ፀሐይ የምትደርስበት ከፍታ ከኦገስት አጋማሽ ጋር እኩል ነው፤ ነፋሱ ግን ቃጠሎውን ይደብቃል። ጥቁር ቆዳም ይጎዳል፣ ማድያትም ይባባሳል። ኮፍያና ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን ተጠቀሙ፤ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት።

4. አንድ ሰው ተረኛ ይሁን። ልጆች ባህር ዳር ሲጫወቱ ስልክ ያልያዘ፣ ያልጠጣ፣ ዓይኑን ከልጆች የማያነሳ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተቀያየሩ። «ሁላችንም እናያቸዋለን» ከተባለ የሚያያቸው የለም።

5. ጅረት ከወሰዳችሁ አትታገሉት። ወደ ዳር በቀጥታ ለመዋኘት አትሞክሩ፤ ጉልበት ይጨርሳል። ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሡ፣ ጩኹ። ዋና የምትችሉ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኝታችሁ ከጅረቱ ውጡ።

6. ሌላ ሰው ሲወሰድ ካያችሁ ተከትላችሁ አትግቡ። 911 ደውሉ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፤ ኳስም ይሁን፣ ባዶ የተደረገው የበረዶ ሣጥንም ይሁን።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው «ዶክተሩ ባህር አትሂዱ አለን» ብሎ እንዳያወራ አደራ። ሂዱ ነው የምለው። በኤፕሪልና በሜይ በቦርድዎኩ ተራመዱ፣ በዓሉን እዩ፣ ቡናችሁን ጠጡ፣ እናታችሁን ባህር አሳዩ። በጁላይ ደግሞ ላይፍጋርዱ ባለበት፣ ውሃው በሞቀበት፣ ዋና በተማራችሁበት ሰውነት ግቡ።

እስቲ እናንተ ዋና ትችላላችሁ? የት ተማራችሁ? አዋቂ የሚማርበት ጥሩ ቦታ የምታውቁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ለዊኬንድ ጉዞ ለተከፈተው የዋትስአፕ ግሩፓችሁ አሁኑኑ ሼር አድርጉት።

መልካም ስፕሪንግ፣ መልካም ጉዞ!