ጠሪው ሳይጠየቅ ተጠሪው አይወቀስ

ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ አገኘሁ ተሻገር የመንግሥትም ይሁን የግል መሣሪያ በእጁ ያለ ሁሉ ከሕወሓት ጋር ለሚደረገው የህልውና ዘመቻ እንዲከት ጠሩ። ነሐሴ 4 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ጥሪውን አገራዊ አደረገው፤ ዕድሜውና አቅሙ የሚፈቅድለት ኢትዮጵያዊ ሁሉ መከላከያን፣ ልዩ ኃይልን ወይም ሚሊሻን ይቀላቀል አለ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ጥሪውን ወደ ትእዛዝ አሸጋገረው። ዕድሜው ለውትድርና የደረሰና መሣሪያ ያለው ዜጋ ሠልጥኖ ግዳጅ እንዲቀበል፣ ካልሆነም መሣሪያውን እንዲያስረክብ ማስገደድ ተፈቀደ።

እነዚህ ጥሪዎች አዲስ አበባ ላይ ዜና ነበሩ። በራያ ቆላ ባለችው ቆቦ ላይ ግን ጦርነቱ ራሱ ከደጅ ደርሷል። ከተማዋ ከ2013 ክረምት እስከ 2015 ጥቅምት ባለው ጊዜ ሁለት ጊዜ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ ሁለት ጊዜ ተለቃለች። ሕዝብ ያልተስማማበት ጦርነት ሲመጣ የተጠራ ዜጋ መዝመት አለበት ወይ? ይህን ጥያቄ ከራያ ቆላ ሆኖ የሚያነሣ ሰው የሚያነሣው ቀብሮ ስለመጣ ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የጠሪው ግዴታ ከተጠሪው ግዴታ ይቀድማል። የሰው ሕይወት የሚጠይቅ ወገን አስቀድሞ ራሱ ይጠየቅ። እኔም እጠይቃለሁ።

ደጁ የመጣበትን ለመመከት የቆቦ ገበሬ መቼ አዋጅ ጠብቆ ያውቃል? ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ዙሪያ ያሉ ታጣቂ ገበሬዎች ከተማዋን ከያዘው ኃይል ጋር ገጠሙ። ዋጋውን የከፈለው ግን መሣሪያ ያልያዘው የከተማ ሰው ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ያነጋገራቸው ምስክሮች በዚያ ቀን በቆቦ 23 ሰዎች መረሸናቸውን ተናግረዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም ግድያው በገበሬዎቹ ጥቃት ምክንያት የተወሰደ በቀል እንደነበር ዘግቧል። ሕዝብን በመሣሪያህ ተነሥ ያለ መንግሥት፣ የተነሡት ሰዎች እናቶችና ወንድሞች በጠላት እጅ ባለች ከተማ ውስጥ እንደነበሩ አላወቀም ነበር? ካወቀስ ለእነርሱ ምን መጠለያ አሰበ?

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይከብዳል። ሰው ቤቱን ለመከላከል ሳይገደድ የሚወጣ ከሆነ ግዳጅ የሚያስፈልገው የት ነው? ግዳጅ የሚያስፈልገው ሰው ባላመነበት ጦርነት ነው። ወጣቱ በፈቃዱ የማይሄድበት ጦርነት ሲኖር ታዲያ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የወጣቱ ወኔ ነው ወይስ ጦርነቱ?

የግዳጅ ደጋፊዎች ጠንካራ መልስ አላቸው፤ ላልፈው አልፈልግም። ሁሉም የየራሱን ደጅ ብቻ ልጠብቅ ካለ አገር በየተራ ይወድቃል ይላሉ። እውነት ነው። ቆቦ ስትያዝ ከሌላ አካባቢ የመጣ ልጅ ለቆቦ ሞቷል፤ ያን ልጅ የራያ ሰው አይረሳውም። አገር ወራሪ ሲመጣበት በጋራ መቆም የዜግነት ግዴታ መሆኑንም አልክድም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ ገበሬው በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ዘመተ፤ የሚዘምትበትን ምክንያት ለማወቅ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የዛሬው ክርክር ግን በዜጎች መካከል ስለሚደረግ ጦርነት ነው። ከቆቦ የተጠራውና በትግራይ በኩል ካለችው መኾኒ የተጠራው በጋብቻ የተሳሰሩ፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚሰማ ሰዎች ናቸው። የራያ እናት ዘመዶቿን በሁለቱም ምሽግ ስታይ ላም እሳት ወለደች ያሉት ይደርስባታል፤ እንዳትልሰው ይፈጃታል፣ እንዳትተወው ልጇ ነው። እንዲህ ላለው ጦርነት ልጇን ስጪ የሚላት ሰው ከወራሪ ጦርነት የበለጠ ማስረጃና ምክንያት ሊያቀርብላት አይገባም?

ለመሆኑ ጦርነቱን ማን አወጀው? የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 9 የጦርነት አዋጅ የማወጅ ሥልጣንን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። በጥቅምት 2013 የተጀመረው ውጊያ ግን ሕግ የማስከበር ዘመቻ ተባለ። ምክር ቤቱ በኋላ ሕወሓትን በአሸባሪነት ፈረጀ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አጸደቀ። ጦርነት ይታወጅ ወይስ አይታወጅ ብሎ ግን አልተከራከረም። ሕግ ማስከበር የፖሊስ ሥራ ከሆነ የቆቦ ገበሬ በምን ሒሳብ ሞፈሩን ሰቅሎ ዘመተ? ጦርነት ከሆነስ የቆቦ ተወካይ በምክር ቤት ተነሥቶ የመረጡኝ ሰዎች ልጆቻቸውን ለዚህ ዓላማ ለመስጠት ተስማምተዋል ወይም አልተስማሙም የሚልበት ቀን ለምን ተነፈገው?

የጦርነቱ መጨረሻ ምን እንደሆነስ ለዘማቹ ማን ነገረው? ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ከአምስት ወር ጋብታ በኋላ ውጊያው በቆቦ አካባቢ እንደገና ፈነዳ። ነሐሴ 21 ቀን መንግሥት የጅምላ እልቂት እንዳይደርስ ሲል ሠራዊቱ ከቆቦ መልቀቁን አስታወቀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ግዳጅ የፈቀደው አዋጅ በወጣ ልክ በዓመቱ ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ። ሰላም መውረዱን ከልቤ እደግፋለሁ፤ አንድ ቀን ቀድሞ ቢወርድ የአንድ ቀን ሟቾች ይተርፉ ነበር። ጥያቄዬም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። በጥቅምት መነጋገር ከተቻለ በነሐሴ ያልተቻለው ለምንድን ነው? በእነዚያ ሁለት ወራት በዞብል ተራሮች ሥር የወደቀው ወጣት የሞተው የትኛውን የድርድር ነጥብ ለማስቀየር ነው? የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በጦርነቱ እስከ 600 ሺህ ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ተናግረዋል። አላማጣና ኮረም የአማራ ናቸው ወይስ የትግራይ የሚለው ክርክር ግን ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላም በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል ተብሎ በይደር ተቀመጠ። በሕገ መንግሥት ሊፈታ የሚችል ነገር በሰው ልጅ ደም ለምን ተሞከረ?

የሞቱትስ ተቆጥረዋል? የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጥቅምት 2016 የሦስት ቀን ሐዘን አውጆ የታጋዮችን ሞት ለቤተሰብ አረዳ። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ተረዱ። በፌዴራል መንግሥት ወገን ስንት ወታደር፣ ስንት ልዩ ኃይልና ስንት ሚሊሻ እንደሞተ የሚገልጽ ቆጠራ ለሕዝብ ይፋ አልሆነም። ደመወዝ የሌለው ሚሊሻ ሲሞት ሚስቱ የትኛውን ቢሮ ታንኳኳ? ጥሪው የመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ማሽላ የሚኮተኮትበት፣ አረም የሚነቀልበት ወቅት። ጎረቤት በደቦ አንድ ክረምት ያርምላታል፤ ቀጣዮቹን ክረምቶች ማን ያርስላታል? ሰውን በስሙ ጠርቶ የወሰደ መንግሥት፣ ሰውየው ሲሞት በስሙ ጠርቶ መመለስ እንዴት ያቅተዋል?

የተረፈውስ ምን ጠበቀው? በ2013 ታጠቅ የተባለው ሰው ብዙም ሳይቆይ ትጥቅህን ፍታ ተባለ። መጋቢት 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች በሌሎች የጸጥታ መዋቅሮች እንዲካተቱ መወሰኑ ሲነገር ከተቃወሙት ከተሞች አንዷ ቆቦ ነበረች። አገር አንድ ሠራዊት ይኑራት የሚለው ሐሳብ በራሱ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ትናንት በደሙ አገር ጠበቀ የተባለን ሰው ሳያማክሩ፣ ነገ ቢወረር ማን እንደሚደርስለት ሳያስረዱ መወሰን ነው። መከላከያና የፋኖ ታጣቂዎች ሲዋጉ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። የትናንት ዘማች ዛሬ በሁለት ወገን ይፈለጋል፤ መከላከያ ይጠራዋል፣ ፋኖም ይጠራዋል። እስካሁን የጠየቅሁት መንግሥትን ነው፤ ጥያቄው ግን ለእርሱ ብቻ አይደለም። ጫካ ሆኖ ወጣት የሚጠራ ታጣቂም ዓላማህ የት ሲደርስ ያበቃል፣ ውሳኔህን ማን ይቆጣጠራል፣ አልፈልግም ያለህን ሰው ምን ታደርገዋለህ ተብሎ ይጠየቅ። ዋሽንግተንና ለንደን ተቀምጦ ከሁለቱም ወገን በለው የሚለውም ይጠየቅ፤ የራስህ ልጅ በየትኛው ምሽግ ነው?

መንግሥት ለሕዝቡ ያላደረገውን በመከራ ቀን ሲጠይቅ ምን እንደሚደርስ ራያ የሚያስተምረው ታሪክ አለው። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ውጊያ በኋላ የራያና አዘቦ ታጣቂዎች በሚያፈገፍገው የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ላይ ተኮሱ። ጣልያን መሣሪያና ገንዘብ ሰጥቷቸው ነበር። ያን ተግባር ማጽደቅ አይቻልም። ግን ያ ሕዝብ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ዐምፆ የቅጣት ዘመቻ የተላከበት ሕዝብ ነበር። ሰላም በሆነ ጊዜ በግብርና በቅጣት ብቻ የሚያውቅህን ሰው በጦርነት ጊዜ ወገኔ ብትለው ያምንሃል?

አጠራሩስ እንዴት ነው? ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲያወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ዜጋ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ደነገገ። በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል የሆነው ሕግ ቀበሌ ሲደርስ ኮታ ሆነ፤ ኮታው ሳይሞላ ሲቀር አፈሳ መጣ። ኤርትራ የብሔራዊ አገልግሎቷን 18 ወር ብላ ደነገገች፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ግን ወጣቶቿ ማብቂያውን አያውቁትም። ከ2013 ወዲህ በነበረው ጦርነትም በትግራይ ልጃቸው ባለመዝመቱ የታሰሩ ወላጆች እንደነበሩ ተዘግቧል። ዛሬ በአገራችን ሕግ መከላከያን መቀላቀል በፈቃድ ነው። ይሁንና በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ለምልመላ ተብሎ ያለፈቃዳቸው የተያዙ ሰዎች፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ጭምር፣ እንደነበሩና ለመለቀቅ ገንዘብ የተጠየቀባቸው መኖራቸውን አስታውቋል። ገንዘብ ያለው የሚወጣበት፣ የሌለው የሚገባበት ምልመላ የትኛውን አገር ይጠብቃል?

እዚህ ላይ እንቢ ባዩም ይጠየቃል። ከፍለህ ስትወጣ በቦታህ ማን ገባ? ኮታው እንደሆነ አይጎድልም፤ ያንተ ስም ሲሰረዝ የደሀ ልጅ ስም ይጻፋል። ይህ ጦርነትን መቃወም ሳይሆን ሞትን ለሌላ ማሻገር ነው። መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1967 ለቬትናም ጦርነት አልመለመልም ሲል በአደባባይ ነበር። የዓለም ሻምፒዮንነቱን ተነጠቀ፣ ተፈረደበት፣ ከቦክስ መድረክ ለዓመታት ታገደ፤ በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረለት። በስሙና በምክንያቱ ቆሞ ዋጋ የከፈለ እንቢታ በጓዳ ከተከፈለ ጉቦ ጋር አንድ አይደለም። የእኛም ሕገ መንግሥት ለዚህ ቦታ አለው፤ አንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ሲከለክል፣ ሕሊናው ውትድርናን የማይፈቅድለት ሰው በምትኩ የሚሰጠውን አገልግሎት በግዳጅ ሥራነት አይቆጥረውም። የሕሊና ተቃዋሚ እንዳለ የአገሪቱ የበላይ ሕግ አስቦበታል ማለት ነው። እንዴት እንደሚስተናገድ የሚዘረዝር ሕግ ለምን አልወጣም? ቁስለኛ ማንሣት፣ ተፈናቃይ መመገብ፣ የዘማች ማሳ ማረስ ለአገር ማገልገል አይደለም?

ስለዚህ የተጠራ ዜጋ ይዝመት ወይ ለሚለው መልሴ ይህ ነው። ወራሪ ከደጁ ሲመጣ ይመክት፤ ቆቦ ይህን ማንም ሳያስተምራት አድርጋዋለች። ወገን ከወገን ለሚገጥምበት ጦርነት ሲጠራ ግን ምክር ቤት በግልጽ ተከራክሮ ይወስን፤ ዓላማውና የሚያበቃበት ነጥብ ይነገረው፤ ለድርድር የተሞከረው ሁሉ ይገለጽለት፤ ቢሞት ስሙ እንደሚጻፍና ቤተሰቡ እንደሚጦር በሕግ ይረጋገጥለት፤ ሕሊናው ካልፈቀደ በሌላ አገልግሎት የሚወጣበት መንገድ ይከፈትለት። በራያ የደም ጉዳይ ሲነሣ ዘወልድ የተባለው የእርቅ ሥርዓት ሽማግሌዎች ገዳይንም የሟችን ወገንም አስቀምጠው ይጠይቃሉ፤ ማንም ከመጠየቅ በላይ አይደለም። ይህንኑ ያህል እንኳ መልስ ሳይሰጥ፣ አልሄድም ያለውን የቆቦ ልጅ ፈሪ ወይም ከሃዲ ብሎ የመፈረጅ መብት ያለው ባለሥልጣንም ሆነ ታጣቂ የለም።