ፈቃዱ በፀሐይ ላይ ይነበብ

ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ የምትገኘው ሑደይቢያ ዛሬ ሹመይሲ ትባላለች። በሐጅ ወቅት ወደ መካ የሚያመራ ሰው ፈቃዱን ይጠየቃል፤ ፈቃዱም ዛሬ በአብዛኛው በስልክ የሚታይ ነው። በነጭ ገጽ ላይ በፈዛዛ ግራጫ የተጻፈ ቁጥር ግን በቀትር ፀሐይ ለወጣት ዓይን እንኳ አይለይም፤ ለአዛውንትማ ምን ይባላል!

መፍትሔው አለ። የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ «ሚዲያ ኩዌሪ» በሚባለው ክፍሉ አማካይነት ባለቤቱ በስልኩ ላይ የመረጠውን አይቶ ገጹን ከምርጫው ጋር ያስማማል። ጽሑፉ ከመደቡ ጎልቶ እንዲለይ የሚፈልግን ሰው ምርጫ ክሮም በ2021፣ ፋየርፎክስ በ2022 እ.ኤ.አ. መቀበል ጀምረዋል። ብሮውዘሩ ቢቀበልም ገጹን የሠራው ባለሙያ ጥቂት መስመሮች ካልጻፈ ምርጫው ከስልኩ አይወጣም። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፤ ወጪውም እጅግ አነስተኛ ነው።

ዳታ ቆጣቢዎችን የሚመለከተው ጥያቄ ግን በብሮውዘሮቹ ዘንድ ገና በይፋ አልተከፈተም። እስከዚያው ድረስ የሑጃጅን ፈቃድ የሚያሳዩ ገጾች ከባድ ሥዕሎችን ትተው ስሙን፣ ቁጥሩንና ቀኑን በደማቅ ጥቁር ያስቀድሙ።