ስለ አሮጌ ቤቶች እድሳት

ቤትን ማደስ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን እድሳት ማለት ግድግዳን ቀለም መቀባት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው።

በአራዳና በፒያሳ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ መሠረታቸው ድንጋይ፥ ቋሚና ማገራቸው እንጨት፥ ግድግዳቸው ከጭድ ጋራ የተቦካ ጭቃ፥ ክዳናቸውም ቆርቆሮ ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበትን ይስባል፥ መልሶም ያወጣል። በሲሚንቶ ቢለስኑት ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣልና ግድግዳው በውጭ ሲያበራ ማገሩ በውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ አስቀድሞ ክዳኑና አሸንዳው ሊጠገን፥ የዝናቡም ውሃ ከመሠረቱ የሚርቅበት ቦይ ሊቀደድ፥ ከዚያም በኋላ ግድግዳው በጭቃ ወይም በኖራ ሊለሰን ይገባል። ቀለም የመጨረሻው ነው።

ይህ ወጪ ያበዛል የሚል ቢኖር፥ በየዓመቱ መልሶ መለሰንና መቀባት ከዚህ የበለጠ እንደሚያስወጣ ይወቅ።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ስለዚህ የተረፉት ሁሉ፥ በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተው ከእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ጀምሮ እስከ ትንሹ መኖሪያ ቤት ድረስ፥ ጥንቃቄ ይሻሉ። በእድሳት ስም የሚበላሽ ቤት ከፈረሰው አይሻልም።

እንግዲህ እድሳትን የሚያሠሩ ሹማምንትና የአድባራት አለቆች ሥራውን በቀለሙ አይመዝኑት። ከሠራተኛው ዋጋ ጥቂቱ በውል ተይዞ ቢቆይ፥ ቤቱም በመስከረም ዳግመኛ ቢመረመርና ጉድለት ያልተገኘበት እንደ ሆነ ቀሪው ቢከፈል መልካም ነው። የእድሳት እውነተኛው መርማሪ ክረምት ነውና።