ዕዳ አሸክመን አንላካቸው

የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ የአንኮበር ሰዎች፣ የመንዝና የተጉለት ወገኖቼ፣ ስሙኝ! ለነገ የማይባል ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

በየሰፈራችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ የጀመረ ልጅ አለ። አንዱ ካናዳ ይላል፣ አንዷ እንግሊዝ፣ ሌላው ቱርክ ወይም ህንድ። ቪዛው ሲመታለት እልል እንላለን፤ በግ ይታረዳል፤ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ቦሌ ድረስ እንሸኘዋለን። እልልታውን አልቃወምም፤ ይገባዋል። የምቃወመው ከሦስት ወር በኋላ የሚደወለውን ስልክ ነው። «እስካሁን ሥራ አልያዝክም እንዴ? የእነ እገሌ ልጅ እኮ መላክ ጀምራለች!»

ይህን ስልክ እናቁመው። ዛሬውኑ እናቁመው። ተማሪ ብለን የላክነው ልጅ ተማሪ ይሁን!

ከዚህ ምድር ወጥተው ውጭ የተማሩ አሉን። አንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ሲላክ ገና አፍላ ወጣት ነበር። ልቡ ወደ ሥዕል ሲያደላ ትምህርቱን ቀየረ፤ ለንደን ስሌድ ከተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ በኋላም አዲስ አበባ የሚገኘውን የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስኮት ሠራ። ሰያ ደብር የተወለዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዚያ ብዙ ዘመን ቀድመው ሩሲያ ተማሩ፤ ተመልሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። እነዚህ ሰዎች ለመማር ጊዜ ነበራቸው። (አፈወርቅ በየወሩ ሐዋላ የሚጠበቅበት ልጅ ቢሆን ኖሮ፣ ማዕድኑንም ሥዕሉንም ትቶ ሳህን ሲያጥብ በቀረ ነበር።)

ዛሬ ልጁን ለማስተማር ከፋዩ ቤተሰብ ነው። በጉ ይሸጣል፣ መሬቱ ይከራያል፣ እቁቡ ይወጣል፣ አጎት ያበድራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ ወጣ፤ በብር የታቀደው ሁሉ ተናደ። መንገድ በጦርነት ሲዘጋ ያየ፣ ከወለጋ የተፈናቀለ ወገኑ እዚሁ ከተማችን መጠለያ ውስጥ ሲከርም ያየ ወላጅ ልጁን ለማውጣት ቢቸኩል አልፈርድበትም። ግን በጥድፊያው መሀል አንዲት ክፉ ቃል ገብታብናለች፦ «ችግር የለም፣ እየሠራ ይከፍላል።»

እየሠራ አይከፍልም! ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና አብረን እናስላ።

እንግሊዝ አገር ዲግሪ የሚማር የውጭ ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ኤፕሪል 2025 ላይ 21 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.21 ፓውንድ ሆነ። ልጃችን በዚያ ክፍያ ሃያውን ሰዓት አንዲት ደቂቃ ሳያጓድል ቢሠራ በሳምንት 244 ፓውንድ ያገኛል። በአራት ሳምንት 977 እንኳ አይሞላም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ግን ቪዛ ሰጪው መንግሥት ለንደን የሚማርን ሰው ለኑሮ በወር 1,483 ፓውንድ እንዳለህ አሳየኝ ይለው ነበር። ለኑሮ ብቻ! የትምህርት ክፍያው ሌላ ነው። ታዲያ ከየቱ ተርፎ ነው ለአጎት የሚላከው?

ይህን ሒሳብ ደላላው ያውቀዋል። አይነግራችሁም። «ለማሳያ» የሚሆን ገንዘብ ከሰው ተበድራችሁ ባንክ አስገቡ፣ ቪዛው ሲመታ መልሱ ይላችኋል። ገንዘቡ ይመለሳል፤ ልጁ ባዶ እጁን ለንደን ይወርዳል።

ሌላውም አገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ካናዳ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ከግቢ ውጭ የምትፈቅደው በሳምንት 24 ሰዓት ነው። አውስትራሊያ በሁለት ሳምንት 48 ሰዓት። ጀርመን በዓመት 140 ሙሉ ቀን። አሜሪካ በኤፍ ዋን ቪዛ የገባ ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት የሚሠራው እዚያው ግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከግቢ ውጭ ሥራ የለም። ቱርክ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ አንደኛውን ዓመት ሳይጨርስ የሥራ ፈቃድ አይጠይቅም። ህንድ ደግሞ የተማሪ ቪዛው ሥራ ጨርሶ አይፈቅድም። ልጁን «እየሠራ ይማራል» ብሎ ህንድ የላከ ቤት በሌለ ደመወዝ ላይ ነው የተማመነው።

የተፈቀደው ሰዓት ካልበቃውስ? ስልኩ እየደወለ፣ አጎት እየጠየቀ፣ እናት እያለቀሰች፣ ልጁ ምን ያደርጋል?

በካሽ ይሠራል። ሌሊት ይሠራል። የሌላ ሰው የምግብ ማድረሻ አካውንት ተከራይቶ ምግብ በብስክሌት ያመላልሳል፤ እንግሊዝ አገር በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው ይህን እንዳይሠራ ተከልክሏል። አሠሪውም ጉዱን ስለሚያውቅ ይጫነዋል። ደመወዙን ሲጠይቅ «ሂድና ክሰስ» ይለዋል። ማን ፊት ቆሞ ይከሳል? ጠዋት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ፈተናው ያመልጠዋል። ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ይወጣል። ከመዝገቡ ሲወጣ ቪዛው ያበቃል። በጉም ሄደ፣ እቁቡም ሄደ፣ ዲግሪውም ሄደ፤ ዕዳው ብቻ ቀረ።

ሥራ ነውር ነው አላልኩም። ይህን ሕዝብ ስለ ሥራ ማን ይመክረዋል? ብርድ ልብስ ፋብሪካ በሽፍት እየሠሩ ልጅ ያስተማሩ እናቶች ያሉበት ከተማ ነው። ልጁ በተፈቀደለት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ቢደረድር፣ ካፌ ውስጥ ቢያስተናግድ፣ ቋንቋው ይፈታለታል፤ ሰው ይተዋወቃል፤ የአውቶቡስና የዳቦ አያጣም። ሠርቶ የላቡን መብላቱ ያስከብረዋል። ግን የአውቶቡስና የዳቦ ነው! የቤተሰብ ዕዳ መክፈያ አይደለም።

ስለዚህ እንነሣ።

እናቶች፣ አባቶች፣ ልጁ ሻንጣ ሳይሸክፍ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። የትምህርቱ ስንት ነው? የቤት ኪራዩስ? የሁለተኛው ዓመትስ ከየት ይመጣል? መልስ የሌለው ጥያቄ ካለ ጉዞውን አንድ ዓመት አዘግዩት፤ አንድ ዓመት ማዘግየት ውርደት አይደለም። ከዚያ ልጁን ፊት ለፊት አይታችሁ «እስክትመረቅ ድረስ ከአንተ አንዲት ሳንቲም አንጠብቅም» በሉት። ይህን ቃል በሽማግሌ ፊት ተናገሩት። አበዳሪው ዘመድም ይጠራ፤ ብድሩ የሚመለሰው ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ መሆኑ ይጻፍ፤ ይፈረምበት።

እቁብተኞች፣ የእናንተ ድርሻ ትልቅ ነው። የመጀመሪያውን ዕጣ ተማሪ ለሚልከው ቤት ልቀቁለት። ለሠርግ ለቅቀናል፣ ለታመመ ለቅቀናል። በአራጣ ከሚበደር ከእናንተ ቢያገኝ አይሻልም? ልጁስ የሁላችንም ልጅ አይደለም?

መምህራን፣ የኃይለማርያም ማሞ ትምህርት ቤት መምህራን፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በተለይ ውጭ ተምራችሁ የተመለሳችሁ፣ እናንተ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ኖራችሁበታል። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ክፈቱ። የቪዛውን ሕግ በአማርኛ አንብቡልን። የምትከፍሉት የነበረውን የቤት ኪራይ ሰሌዳ ላይ ጻፉልን። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ለልጆቹ አሳዩአቸው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማመልከት ገንዘብ አይጠየቅም፤ የጀርመኑ ዳአድ አለ፣ የአውሮፓው ኢራስመስ ሙንዱስ አለ፣ የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም አለ። የትምህርትም የኑሮም ወጪ የሚሸፍን ዕድል እያለ ልጆቻችን ለምን ደላላ ቢሮ በር ላይ ይሰለፋሉ? ስላልነገርናቸው ነው። ንገሯቸው!

ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ከእናንተ ጋር ጠበቅ አድርጌ መነጋገር አለብኝ። በሰው መኪና አጠገብ ቆማችሁ የምትለጥፉት ፎቶ እዚህ ስንት ቤት እንዳስበደረ ታውቃላችሁ? እውነቱን ላኩልን። የኪራይ ደረሰኙን ላኩልን። ቆማችሁ የምትውሉበትን ኩሽና አሳዩን፤ አንንቃችሁም፣ እንኮራባችኋለን። አዲስ የመጣውን ተማሪ የመጀመሪያውን ወር አስጠጉት፤ አንድ ፍራሽና አንድ የቁልፍ ቅጂ ከብዙ ስሕተት ያድነዋል። ሬስቶራንት ወይም ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ተማሪውን ስትቀጥሩ በሕጉ ሰዓት፣ በሕጉ ክፍያ፣ በወረቀት ቅጠሩት። «ወገን ነን» እያላችሁ በካሽ ግማሹን የምትከፍሉ፣ ሰዓቱን የምታሳልፉበት፣ ቪዛውን መያዣ ያደረጋችሁበት አላችሁ። ተዉ! ይህ ወገንን መርዳት አይደለም፤ ወገንን መብላት ነው።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ተጓዦቹ! ቪዛችሁ ላይ የተጻፈውን ራሳችሁ አንብቡት፤ ሰው አንብቦ አይንገራችሁ። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ ወደሚከታተለው የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ግቡ፤ ምን ልሥራ፣ ስንት ሰዓት ልሥራ ብላችሁ ጠይቁ። የሠራችሁትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ። የደመወዝ ወረቀታችሁን አስቀምጡ። የሰው አካውንት አትከራዩ፣ የራሳችሁንም አታከራዩ። ሲከብዳችሁ ዝም አትበሉ። «እናቴ፣ ዘንድሮ አልችልም» ማለትን ከአሁኑ ተለማመዱ። እናትም ይህን ስትሰማ «ይሁን ልጄ፣ አንተ ተማር» ማለትን ትለማመድ።

ጊዜ የለንም። ብዙዎቹ ልጆች ክረምቱ ሳያልቅ ይሳፈራሉ። አሁን ያልተነገረ እውነት፣ አሁን ያልተገባ ቃል፣ ልጁ ከሄደ በኋላ ምን ያደርጋል?

በዚህ ወር የእድር ስብሰባ ላይ እጃችሁን አንሡ። «ውጭ ተማሪ ያለበት ቤት ልጁ እስኪመረቅ ሐዋላ አይጠይቅ፤ አበዳሪውም ይታገሥ፤ እቁቡም ይርዳ» በሉ። ቃለ ጉባኤ ይያዝበት፣ ተፈራረሙበት። የእድሩ ዳኛ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ካለም በሚቀጥለው ወር ደግማችሁ አንሡት።