ምስሩ ተመዘነ፣ አብሳዩስ?

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ አል-ጣኢፍን በመሰሉ ሰፈሮች መንግሥት ከነደመወዝተኛው ጠፋ። ክፍተቱን የሞሉት «የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች» የሚባሉት የሰፈር ሰዎች ስብስቦች ናቸው፤ ተኪያ በሚሉት የጋራ ወጥ ቤት ፉልና ምስር እየቀቀሉ ጎረቤታቸውን መገቡ። አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በሱዳን ከ1,100 በላይ ወጥ ቤቶች መዘጋታቸው ተዘገበ። በ2018 መባቻ ደግሞ የኖርዌይ ራፍቶ ሽልማት ለምላሽ ክፍሎቹ ተሰጠ። ሽልማቱ ይገባቸዋል፤ ግን ለምስሩ እንጂ ለአብሳዩ በጀት የማይያዝበት አሠራር ጦርነት የወለደው ብቻ አይደለም። ሰላም ባለበት አገርም የማኅበራዊ ድጋፍ ሥራ ሲታሰብ የእህሉ ኪሎ ተመዝኖ የሠራተኛው ቁጥርና ክፍያ ሳይከለስ ይቀራል።

የእኛ መንግሥት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከካዝናው የሚሰጠው ጥቂት ቢሆንም የወጪያቸውን ልክ የሚወስነው እሱ ነው። አዋጅ 621/2001 አስተዳደራዊ ወጪን በ30 በመቶ ሲገድብ፣ አፈጻጸሙ በመስክ የሚሠራውን ሰው ደመወዝና መጓጓዣ ሳይቀር አስተዳደራዊ አድርጎ ይቆጥር ነበር። አዋጅ 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይገናኘውን ወጪ ብቻ አስተዳደራዊ አለው፤ ትልቅ እርማት ነው። አዛውንት የምታጥብ ሴት ደመወዝ ራሱ እርዳታው ነውና። ሆኖም ደመወዟ ይከፈል ማለት አንድ ነገር ነው፣ ይበቃታል ወይ ብሎ መጠየቅ ሌላ። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ተከለሰ፤ በ2018 መጀመሪያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ከዚያ በፊት የተፈረመ የሦስት ዓመት የፕሮጀክት በጀት ግን በራሱ አይንቀሳቀስም።

ገንዘቡ የድሃው ነው፣ ደመወዝ ከበላው ምን ይተርፋል የሚል ተቃውሞ አለ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ በችግረኛ ስም መኪና የገዛ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ቁርኣን ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል በዘካው ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሰዎች ይጠቅሳል። ሱዳንም ዘካን እ.ኤ.አ. በ1984 በሕግ ግዴታ ስታደርግ ሥራውን ለደመወዝተኛ መሥሪያ ቤት ሰጠች። ስለዚህ ክርክሩ ምጽዋት ሠራተኛ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም ሳይሆን ስንት ሰው፣ በስንት ብር የሚለው ላይ ነው።

ሌሎች ደግሞ ክፍያ በጎ ፈቃድን ይገድላል ይላሉ። የቅዳሜ ከሰዓት አገልግሎት ከሆነ እውነት ነው። በየቀኑ በፈረቃ የሚሠራ፣ የታማሚ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ግን ሥራ ላይ ነው፤ እሱን በጎ ፈቃደኛ ማለት ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ እንደማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሠልጣኞች በደመወዝ መመደባቸው ይህን የተረዳ ውሳኔ ነበር።

የሚከብደው ገንዘብ የለም የሚለው ነው። ገንዘብ ከሌለ የሚቀነሰው ምን እንደሆነ በግልጽ ይነገር፤ አለበለዚያ ጉድለቱ ተደብቆ በሠራተኛው ላይ ይወድቃል። በሆንግ ኮንግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2001 ለማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅቶች የሚሰጠውን ድጎማ በደመወዝ እርከን መካከለኛ ነጥብ አስልቶ በጥቅል መስጠት ሲጀምር፣ ድርጅቶች አዲስ የሚቀጥሩትን ዝቅ ባለ ደመወዝና በኮንትራት ወደ መያዝ አዘነበሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ማኅበራዊ ሠራተኞች ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ፤ በ2008 ገለልተኛ ኮሚቴ ሥርዓቱን መረመረ። የክፍያ ክለሳው በድጎማ ውሉ ውስጥ ቀን ተቆርጦለት፣ አንድ ተንከባካቢ ስንት አዛውንት እንደምትይዝ ከደመወዟ ጎን ተጽፎ ቢሆን፣ ስድስት ዓመት ባልተጠበቀ ነበር።