ያለ ትዳር እንዳለ ይቅረብ

ሦስት ፎቶዎች ጠረጴዛዬ ላይ ተደርድረዋል። በአንደኛው ባልና ሚስቱ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ቆመዋል፣ በሁለተኛው ካፌ ተቀምጠዋል፣ በሦስተኛው መኪና ተደግፈዋል። ልብሳቸው በየፎቶው ሌላ ነው፤ ከጀርባ የተጻፉት ቀኖችም በሳምንታት ይራራቃሉ። በባልየው አውራ ጣት ላይ ያለው ፕላስተር ግን በሦስቱም አንድ ነው፣ በአንድ ጎኑ መላቀቁ ሳይቀር።

ስጠይቀው አልደበቀኝም። «ጋሼ፣ የቪዛ ፎርም የሚሞላልን ሰው ነው ልብስ ቀያይሩ ያለን» አለኝ። እንግዲህ ይህ ትዳር እውነተኛ ነው። ሽማግሌ ሆነው ከሄዱት አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነበር። እውነተኛውን ትዳር ሐሰት ያስመሰለው ያ ምክር ነው።

ምክሩ በየቤቱ ይሰማል፤ አሜሪካም አዲስ አበባም ያው ነው። «ፎቶ አብዛ፣ ደብዳቤ አብዛ፣ ቆንስሉ ወፍራም ፋይል ሲያይ አይጨቃጨቅም» ይባላል። ገንዘብ ተቀብለው የሚመክሩ አሉ፤ ከልባቸው ለመርዳት ብለው የሚመክሩም አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የስህተታቸውን ዋጋ የሚከፍሉት ግን ባልና ሚስቱ ናቸው።

የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲጋቡ አብረው ሊኖሩ አስበው ነበር ወይ? ለዚህ መልስ የሚሆኑ ማስረጃዎችን ደንቡ ራሱ ይዘረዝራል፦ በሁለቱም ስም የተያዘ ንብረት ወይም የቤት ኪራይ ውል፣ የተቀላቀለ ገንዘብ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች የምስክርነት ቃል። በዝርዝሩ የድግስ ስም የለም። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሠራተኞቹ መመሪያ ባደረገው ውሳኔም እውነት የሚመዘነው በማስረጃ ብዛት ብቻ ሳይሆን በጥራቱ መሆኑን አስፍሯል። ሠርግ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ስለ ማግስቱ የሚናገረው ጥቂት ነው።

«ቆንስሉ ባህላችንን አያውቅም፣ የሚፈልገውን ካልሰጠነው ይከለክለናል» የሚሉትን ሰዎች ፍርሃት አልንቅም። ዝርዝሩ አንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩ ሰዎች የተሰፋ ልብስ ነው። እሱ ሜሪላንድ፣ እሷ ኮተቤ ሆነው የጋራ ኪራይ ውል ከየት ያመጣሉ? ገንዘቡ በሰው እጅ የተላከ ከሆነ ደረሰኝ ከየት ይገኛል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሌለውን መፍጠር አይደለም። የጋራ ውል የሌለው ለምን እንደሌለው በአንድ ገጽ ያስረዳ። ገንዘብ በባንክ ይላክ፣ ደረሰኙም ይቀመጥ። የአውሮፕላን ትኬት፣ የፓስፖርት ማኅተም፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር በቀን ቅደም ተከተል ይያያዝ። ምስክሮች «በጣም ይዋደዳሉ» የሚል አንድ ዓይነት ደብዳቤ አይገልብጡ፤ ያዩትን ይጻፉ። «በእንትን ቀን እኔ ነኝ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስኩት፣ ለእሷ የተገዛውን ጫማ ሻንጣ ውስጥ ሲከት አይቻለሁ» የሚል አንድ ምስክር አምስት ገልባጮችን ይበልጣል።

ባህላችንን የማያውቅ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ማንም ፎቶ በማያነሳው ቦታ ነው። ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተፈጸመ ጋብቻ በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 22 ቀን 2022 ነው። ተርጓሚው 2014 ብሎ ካለፈው፣ ባልየው ሚስቱን ገና ሳያውቃት አግብቷት ይገኛል። ሚስት ካገባች በኋላም በአባቷ ስም እንደምትጠራ፣ ስማችን በላቲን ፊደል በየወረቀቱ በተለያየ መልክ እንደሚጻፍ ያልተነገረው መርማሪ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ለአልበም የሚወጣው ገንዘብ ሩቡ ለጥሩ ትርጉም ቢወጣ ስንቱ ቤት በተረፈ!

የማስመሰሉ ቅጣት ደግሞ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ኢሚግሬሽንን ለማታለል በሚፈጸም ጋብቻ ላይ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ይጥላል። እውነተኛ ተጋቢዎች ይህ አይመለከታቸውም ይባል ይሆናል። ሆኖም ቪዛ ለማግኘት በወሳኝ ጉዳይ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት ያቀረበ ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል፤ እገዳውም ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይነሳም። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የሚጠፋው እምነት ነው። መርማሪው ፕላስተሩን ካየ በኋላ እውነተኛውን ደረሰኝም በጥርጣሬ ነው የሚያገላብጠው። ጉዳዩ በአንድ ቃለ መጠይቅም አያልቅም። ሚስት አሜሪካ ስትገባ ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት የ2 ዓመት መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ሊያበቃ በቀሩት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት እንደገና ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ። ተዘጋጅቶ የቀረበ ትዳር ያን ጊዜ ምን ያሳያል?

ንጹሕ ፋይል ይዞም የሚከለከል አለ፤ ይህን አልክድም። የእሱ እንባ ግን ንጹሕ ነው፤ እንደገና ሲያመለክትም የሚቆምበት መሬት አለው።

ባለ ፕላስተሩን ሰው «ስልክህን አሳየኝ» አልኩት። የመጨረሻው የድምፅ መልእክት የሚስቱ ነበር። እናቱን ለዓይን ሕክምና ይዛ ሄዳ፣ ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር ሆና «እማማ ቁርስ አልበላም ብላ አስቸገረችኝ፣ አንተ ደውልላት» ትላለች። ወደ ኋላ ስንመለስ እንዲህ ያለው የአሥራ አራት ወር ወሬ ነው፦ የቀጠሮ ካርድ ፎቶ፣ እሷ አስታማሚ ሆና የፈረመችበት ወረቀት፣ እሱ በማግስቱ ለመድኃኒት የላከው ገንዘብ። ከዚህ ውስጥ አንዱም ፋይሉ ውስጥ አልነበረም። መካሪው «ይሄ የእናትህ ጉዳይ ነው፣ ከትዳር ጋር አይገናኝም» ብሎት ነበር።

እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የትዳር ማስረጃ አላውቅም። ሦስቱን ፎቶዎች አወጣን። የአማቷን የቀጠሮ ካርድ ከነትርጉሙ፣ ከነደረሰኙ፣ በቀን በቀኑ አድርገን ከፊት አስገባን። ፋይሉ ሳሳ። እሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቢጠይቁት ሳይፈራ የሚመልስበትን ወረቀት ይዞ ሄደ።