አማከርናችሁ አትበሉን

«ሕዝቡን አማክረናል።» ይህቺን ዐረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ማን ነው ያማከረው? ማንን? መቼ? አንድ መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቱን ይዞ በር ያንኳኳል። የቤተሰቡን ብዛት፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ የወር ገቢውን ይጠይቃል። በመጨረሻ «ልማቱን ይደግፋሉ?» ይልና «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። ልማትን ማን ይጠላል? ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያቺው ምልክት በሪፖርት ላይ «ከማኅበረሰቡ ጋር በተደረገ ምክክር» ተብላ ብቅ ትላለች። ይህ ስርቆት ነው። ሰውየው የሰጠው መልስ ነበር፤ ሪፖርቱ የጻፈበት ግን ፈቃዱን ነው።

የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል። ጥያቄውን ጽፎ ይመጣል፣ መልሱን ይዞ ይሄዳል፣ ተመልሶ የሚያስረዳው ነገር የለበትም። ጋዜጠኛ እንዲህ ይሠራል፣ ቆጠራም እንዲህ ይካሄዳል፤ ነውር የለበትም። የሚያማክር ሰው ግን ገና አልወሰነም። ያሰበውን ይዘረግፋል፣ «ተው» ሲባል ሊተው ይችላል። ባይተው እንኳ ለምን እንዳልተወ የማስረዳት ዕዳ አለበት። ልጁን ሊድር ያሰበ አባት ወንድሞቹን የሚሰበስባቸው ጠላው ተጠምቆ፣ የጥሪው ወረቀት ተበትኖ ካለቀ በኋላ ከሆነ፣ ወንድሞቹን እንግዳ አደረጋቸው እንጂ አላማከራቸውም።

አንድ ወረዳ አዳራሽ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ገና በሩ ላይ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ፊርማ ተቀበሉን። ልብ በሉ፤ ለምን እንደተጠራን ሳይነገረን ፈርመናል። የታሸገ ውሃ ታደለ። በፕሮጀክተር ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና አበባ አሳዩን። ሰብሳቢው ሲናገሩ ቆይተው ሲያበቁ «ሰዓት ስለሌለን የሦስት ሰው አስተያየት ብቻ እንቀበላለን» አሉ። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ፣ ሥዕሉ መቼም ያምራል። የእኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቁም። ማስታወሻቸው ላይ ጫር ጫር አድርገው «እናታችን፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንደ ግብዓት ይዘነዋል» አሉ። ያው እንደያዙት ቀሩ። ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ፤ በሩ ላይ የሰጠነውም ፊርማ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ የስምምነት ፊርማ ሆነ።

ይህ የሚሆነው ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43፣ ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ዜጎች ሐሳብ የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢን ደኅንነት የሚነካ ሥራ ሲነደፍም ሲተገበርም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። «ሲነደፍም» መባሉን አስምሩበት። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከዚህም ይጠነክራል፦ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ አይጀምርም፤ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ይቀርባል፤ በተለይ ጉዳቱ የሚያገኘው ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በሪፖርቱ ይካተታል።

እስቲ ይህን ሕግ ይዘን ወደ ኦሞ ወንዝ እንውረድ። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ግንባታ የተጀመረው በ1998 ነው። የተጽዕኖ ግምገማው የጸደቀው በ2000 ነው። ቡልዶዘሩ ሁለት ዓመት ቀድሞ ጥናቱ ከኋላ ተከተለ! ከግድቡ በታች ዳሰነች፣ ሙርሲና ኛንጋቶም አሉ፤ የኦሞ ሙላት ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው ደለል ላይ ማሽላ የሚዘሩ ሰዎች ናቸው። ሙላቱ ከቀረ ያ እርሻ ይቀራል። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ሥራው ከተጀመረ በኋላ እነዚህን ሰዎች «ምን ይመስላችኋል?» ማለት ምን ይባላል? «አይሆንም» ቢሉ ማን ሊያቆመው ኖሯል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። የግድቡን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ማቃለሌ አይደለም። ለአገር ይበጃል የተባለ ሥራ ግን በወንዙ ዳር በሚኖረው ሰው ፊት፣ በጊዜው፣ ቆሞ መከራከር ነበረበት።

ወደ ከተማም እንመለስ። በ2012 የወጣው የመሬት ማስለቀቅና ካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 የሚነሡ ባለይዞታዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት አወያዩ ብሏል። ስለ ምን? ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት። ስለ ጉዳቱ ወይም ስለ አማራጩ የሚል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። እሺ፣ እሱም ይሁን፤ ቢያንስ ዓመቱስ? በ2016 ለኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ፒያሳ ከተነሡት ሰዎች መካከል ቤታቸው እንደሚፈርስ የተነገራቸው ቀናት ሲቀሩት እንደሆነ የተናገሩ ነበሩ። በጥቂት ቀን ዕቃ ይጫናል እንጂ ምን ዓይነት ምክክር ይደረጋል?

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመዘዝ መልስ አለ፦ «ሁሉን ሰው ካማከርንማ ሥራ አይሠራም።» ጎሽ! የአዲስ አበባና የዙሪያዋን የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን አስታውሱ። ዕቅዱ ተዘጋጅቶ ካበቃ በኋላ ነበር ለሕዝብ ማስረዳት የተጀመረው። በ2006 ተቃውሞ ተነሣ፣ በ2008 እንደገና ፈነዳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ጥር 2008 ላይ ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። በመቸኮል የተገኘው ትርፍ የቱ ነው? ዕቅዱ ከመነደፉ በፊት አርሶ አደሩን ማማከር ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍል ነበር?

ደግሞስ ምክክር መቼ ብርቃችን ሆኖ ያውቃል? ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ላይ ተሰብስበው ሕጋቸውን ይከልሳሉ፣ ለቀናት ይነጋገራሉ። ያን ያህል መራቅም አያስፈልግም። የሰፈሬ እድር በወር መዋጮ ላይ አሥር ብር ለመጨመር ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። ጸሐፊው ሒሳቡን ያነብባል፣ ጡረተኞቹ «ከየት እናምጣ?» ይላሉ፣ ሰው ይነታረካል፤ ጭማሪው ውድቅ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሲጸድቅም የተቃወመው ሰው ለምን እንደተሸነፈ አውቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ድንኳንና ወንበር የሚያስተዳድር እድር ይህን ከቻለ፣ ከተማ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የማያደርገው ስለማይፈልግ ብቻ ነው። የማይፈልግበትም ምክንያት ግልጽ ነው፦ እውነተኛ ምክክር «አይሆንም» የሚል ሰው ይወልዳል፤ «አይሆንም» ደግሞ ለበላይ በሚላክ ሪፖርት ላይ ቦታ የለውም።

መጠየቅ ብቻ ከፈለጋችሁ ጠይቁን፤ እንመልሳለን። ወስናችሁ ከመጣችሁም «ወስነናል» በሉን፤ ቢያንስ ከማን ጋር እንደምንከራከር እናውቃለን። የማንታገሠው ውሳኔያችሁን በእኛ ስም ስትፈርሙበት ነው።

እናንተም አንባቢዎች፣ ነገ በተራችሁ አዳራሽ ስትጠሩ በር ላይ አትፈርሙ። መጀመሪያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሳኔው አልቋል ወይስ አላለቀም? ሌላው አማራጭ ምን ነበር? የምንናገረው ተቀባይነት ካጣ ምክንያቱን የሚነግረን ማን ነው፣ መቼ? ለእነዚህ መልስ ካላገኛችሁና መፈረም ግድ ከሆነ፣ ከስማችሁ ጎን «ተገኝቻለሁ እንጂ አልተስማማሁም» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ።